የካድኳት አገር

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት የሰብል ባለሙያ ሻይ ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ ይቺን አገር መውደድ አቃተኝ። እርስዎ እንዴት ቻሉበት?» አለችኝ። የረባ መልስ አልሰጠኋትም፤ ሻዬን ጨርሼ ተነሣሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የዛሬ አርባ ዓመት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ መጣብኝ። ለእሷም፣ እንደ እሷ ለጨነቃችሁ ልጆቼም የምጽፈው ያንን ነው።

ጊዜው ኅዳር 1977 ዓ.ም. ነው። ባሕር ማዶ የሰብል ማዳቀል ትምህርት ላይ ነበርኩ። በጥቅምት የኮረም ረኃብተኞች ምስል በቢቢሲ ከታየ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ የሰው ዓይን ይከተለኛል፤ ወይም የሚከተለኝ ይመስለኛል። አንድ ማታ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ባልቴት ፊቴን አየት አድርገው «ኢትዮጵያዊ ነህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ንቀት አልነበረም። ጥቁር የሱፍ ጓንት አድርገዋል፤ አንዱን እያወለቁ ቦርሳቸውን መክፈት ጀምረው ነበር።

«አይደለሁም» አልኩ።

ከየት እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ የሌላ አገር ስም ጠራሁ። ሴትዮዋ ደነገጡ፤ ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁና ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን! እስኪወርዱ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቆየሁ። ከውጭ ጨለማ ነው፤ መስታወቱ ላይ የሚታየው የራሴ ፊት ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ወሎ፣ ደላንታ ናት። አባቴ የእርሻ በሬዎቹን አንድ በአንድ ሸጦ ጨርሷል። ታናሽ እህቴ ያረፈችውም በዚያው ዓመት ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ቆይቼ ነው፤ ደብዳቤ ይዘገያል፣ እኔም አዘውትሬ አልጽፍም ነበር።

ለብዙ ዓመት «ያፈርኩት በመንግሥት ነው» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የሚያሳፍር ነገር አልጠፋም። በመስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ ሲከበር ረኃቡ ተሸፍኖ ነበር። በንጉሡም ጊዜ የ1965ቱ የወሎ ረኃብ እንዲሁ ተደብቋል። ይህን ዛሬም ይቅር አልልም፤ እናንተም አትበሉ። ግን ያን ማታ ስለ መንግሥት የጠየቀኝ ሰው የለም። የተጠየቅኩት የእናቴን አገር ነው።

በ1979 ስመለስ እናቴ ከምድጃው በላይ የተሰቀለ፣ ጢስ ያጠቆረው ቅል አውርዳ ከፈተችልኝ። ሰነፍ ቆሎ ነው፤ ሳይፈተግ የሚቆላው ገብስ። ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው።

«በዚያ ዓመት አልበላችሁትም?» አልኳት።

«ዘር ይበላል?» አለችና ከደነችው። ስለ እህቴ ምንም አላነሣችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። (ዘሩን የበላው ቤት ብዙ ነው፤ በማንም አልፈርድም።)

እኔ እኮ ይህን ገብስ በትምህርት ቤት አውቀዋለሁ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. መጥቶ የሰብላችንን ዓይነት መብዛት አይቶ መደነቁን ተምሬ ለፈተና ሸምድጃለሁ። ገብስን ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የሚቋቋመው ባሕርይ ወደ ካሊፎርኒያ ማሳ የገባው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። መምህራችን ይህን ሲነግረን፣ ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር። በእነዚያ ዓመታት እነ ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬው ዘር እንዳይጠፋ አገር ቤት ይታገሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። እኔ ግን የገባኝ ቅሉ ሲከፈት ነው።

የዘንድሮ ልጆች ግማሻችሁ ባንዲራ ለጥፋችሁ አገሬ እንከን የላትም ትላላችሁ፤ ግማሻችሁ «እዚህ አገር ምንም አይሠራም» ብላችሁ ነው አፍ የምትፈቱት። ሁለታችሁም ቀረብ ብላችሁ አላያችኋትም። አንድ ነገሯን ያዙ፤ ወንዟን፣ ቋንቋዋን፣ በሽታዋን፣ የፈለጋችሁትን፤ እስከ ሥሩ እወቁት። እኔ የያዝኩት የገብስ ዛላ ነው፤ በእሱ በኩል ቀስ እያለ ሌላውም መጣ። ንዴቱ ግን አልሄደም። በዘር ወቅት ማዳበሪያ ሲዘገይ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

መሄድ የምትፈልጉትን አልከለክልም፤ እኔም ሄጃለሁ፣ ሕዝቡ ሲራብ አልነበርኩም። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ስትሄዱ ይከፋኛል። አትሂዱ ብዬ ልለምናችሁ የሚቃጣኝም ቀን አለ።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጄ፣ ሳልመልስልሽ ስለተነሣሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቅሉ ከእናቴ እረፍት ወዲህ እኔ ዘንድ ነው። ሰኞ ይዤልሽ እመጣለሁ። ክዳኑን ስትከፍቺው ጢሱ ዛሬም ይሸታል።