ጥያቄና መልስ፦ የሳይንስ መምህራን በእጃቸው እየሠሩ ስለሚሠለጥኑበት መንገድ

ጥያቄ (የፊዚክስ መምህር፣ ደጀን)፦ መምህር፣ በዓመት ከሚጠበቅብን የ60 ሰዓት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ አብዛኛው ገለጻ በመስማትና ቅጽ በመሙላት ያልቃል። ምን ብንሠራበት ይሻላል?

መልስ፦ ለክፍል ያቀዳችሁትን ሙከራ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ለምሳሌ ውሃ አፍሉና ቴርሞሜትሩ የድስቱን ወለል ሳይነካ ለኩ። ደጀንም ደብረ ማርቆስም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙና የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው። በአንድ ሥልጠና ላይ 92 ያነበበ ቡድን ቁጥሩን ሰርዞ 100 ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። መምህራኑ ትምህርቱን ያውቁታል፤ ያመኑት ግን ከዓይናቸው ይልቅ መጽሐፉን ነበር። ያን ስርዝ መነሻ አድርገን ስለ አየር ግፊት ሰፊ ውይይት አደረግን፤ ዓባይ በረሃ ወርደን ብንለካ ቁጥሩ ለምን ከፍ እንደሚልም ራሳቸው አስረዱ። ተማሪም ያነበበውን እንዲጽፍ የሚያደፋፍረው ይህን በራሱ ያየ መምህር ነው።

ጥያቄ (የኬሚስትሪ መምህርት፣ ቡሬ)፦ ቤተ ሙከራ የለንም፤ አሲድንና ቤዝን በመልክ ለውጥ የምንለይበት የሊትመስ ወረቀትም አልቋል።

መልስ፦ ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፈው በፈላ ውሃ ይዘፍዝፉና ያጥልሉት። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ውሃ አሲድ በሆነው የሎሚ ጭማቂ ወደ ቀይ፣ ቤዝ በሆነው የተጣራ የአመድ ውሃ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ብዙዎች በጎመኑ ፋንታ ቀይ ሥር ይጠቀማሉ፤ እሱ ግን መልኩን በግልጽ የሚቀይረው በብርቱ ቤዝ ብቻ ስለሆነ ተማሪን ያሳስታል። የአመዱ ውሃ ዓይን እንዳይነካ አደራ እላለሁ። በምዕራብ ጎጃም የአፈር አሲዳማነት የገበሬው ችግር ስለሆነ፣ ትምህርቱን ማሳ ላይ ኖራ ከመጨመር ጋር ቢያያይዙት ልጆቹ ቤታቸው የሚነገረውን ጉዳይ ያገኙታል።

ጥያቄ (ርእሰ መምህር፣ ሞጣ)፦ አንድ መምህር ሠልጥኖ ሲመለስ እውቀቱ ለሌሎች አይደርስም። ምን ይደረግ?

መልስ፦ ሪፖርት ከማስነበብ ይልቅ ከጃፓን የመጣውን ሌሰን ስተዲ የተባለ አሠራር ይሞክሩ። ሦስት ወይም አራት መምህራን አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ያቅዳሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ይመለከታሉ፤ ከዚያም አሻሽለው በሌላ ሴክሽን ይደግሙታል። የተመልካቾቹ ዓይን በመምህሩ ላይ ካረፈ ነገሩ ወደ ግምገማ ይለወጥና ሰው ይሸማቀቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተመልካች አንድ የተማሪዎች ቡድን ይያዝና ዕቃውን ማን እንደነካ፣ ማን ዝም ብሎ እንደተቀመጠ፣ የትኛው ጥያቄ እንዳከራከራቸው ይመዝግብ።