«ጐ» ቦልድ ሲደረግ «ጎ» የሚሆን ፎንት

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኅትመት አገልግሎት እሰጣለሁ። በቅርቡ በገዛሁት የግእዝ ፎንት ማስታወቂያ ሳዘጋጅ «ጐጃም» ብዬ የጻፍሁት ቃል በተራው ጽሑፍ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ለርእስ ቦልድ ሳደርገው «ጎጃም» ሆኖ ይታያል፤ ፕሪንተሩም የሚያወጣው ያንኑ ነው። ለፎንቱ ሠሪዎች ብጽፍላቸው «በእኛ በኩል ችግር አይታይም» የሚል አጭር መልስ ሰጡኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ሁለቱም አጻጻፎች የተለመዱ ስለሆኑ «ምን ልዩነት አለው?» የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን ደንበኛዎ ስሙን በ«ጐ» አስጽፎ በ«ጎ» መቀበል የለበትም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ የ«ጐ» ቁጥር 1310 ነው።

ከሁሉ በፊት ጥፋቱ የኪቦርዱ አለመሆኑን ያረጋግጡ። በማይክሮሶፍት ወርድ ቦልድ የሆነውን ፊደል ለብቻው ጽፈው፣ ጠቋሚውን ከኋላው አቁመው አልትን እና ኤክስን አብረው ቢጫኑ ፊደሉ ወደ ቁጥሩ ይለወጣል፤ እንደገና ሲጫኑ ይመለሳል። 1310 ካወጣ በትክክል ጽፈዋል፣ የተሳሳተው ሥዕሉ ነው። ፎንቱ የራሱ የቦልድ ፋይል ባይኖረው ኖሮ ወርድ ተራውን ፊደል ከማወፈር በቀር ቅርጹን ወደ ሌላ ፊደል ሊለውጠው ስለማይችል፣ ስሕተቱ ያለው ለቦልድ ተለይቶ በተሠራው ፋይል ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ሠሪዎቹ ችግሩን ያላዩት ምናልባት ተራውን ፋይል ብቻ ከፍተው ይሆናል፤ ወይም የእርስዎ ፋይል የቀድሞ እትም ይሆናል። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ የሚከፈተው መስኮት የእትሙን ቁጥር ስለሚያሳይ፣ አዲስ እትም ወጥቶ እንደሆነ አስቀድመው ይመልከቱ።

አዲስ እትም ከሌለ ድጋሚ ይጻፉላቸው። ደብዳቤውን የሚያነበው ባለሙያ አማርኛ ላያነብ ስለሚችል «ጐጃም ተበላሸብኝ» ቢሉት ምንም አይገባውም፤ የፎንቱን ስም፣ የቦልድ ፋይሉን እትም፣ የተጠቀሙበትን ፕሮግራምና 1310 የሚለውን ቁጥር ይግለጹለት። ተራውንና ቦልዱን «ጐ» ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ከሥራቸው ያንኑ ፊደል ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ቦልድ በተባለው ሌላ ፎንት ጽፈው በሥዕል ይላኩ። ከሥዕሉ ጋር ያ ፊደል ብቻ ያለበትን የወርድ ፋይል ያያይዙ፤ የደንበኛ ስም ያለበትን ማስታወቂያ ግን አይላኩ። እግረ መንገድዎን «ጒ»ን፣ «ጓ»ን፣ «ጔ»ንና «ጕ»ን እንዲሁም የ«ቈ»ን፣ የ«ኈ»ንና የ«ኰ»ን ዘሮች ቢፈትሹ መልካም ነው፤ በአንዱ የተሳሳተ ሠሪ በሌላውም ሊሳሳት ይችላል። የግዢ ደረሰኝዎንም ይጥቀሱ፤ ከፍለው የገዙት ዕቃ ነውና ይታረምልኝ ማለት ልመና አይደለም።

ፋይሉን ራስዎ ለማረም ካሰቡ መጀመሪያ የፈቃዱን ውል ያንብቡ፤ ኖቶን የመሳሰሉ በክፍት ፈቃድ የሚሠራጩ ፎንቶች ማሻሻልን ሲፈቅዱ፣ የሚሸጡት ግን ብዙውን ጊዜ ይከለክላሉ። እስኪታረም ድረስ ርእሱን በሙሉ በሌላ ፎንት ይሥሩት፤ አንዱን ፊደል ብቻ መተካት ርእሱን የተጣፈ ያስመስለዋል።