ራጉዛ ኢብላን ደረጃ ከሚከብዳቸው እናት ጋር ለማየት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ሦስት ነገር አለው፦ በጣሊያን ሲሲሊ ደሴት ካለችው ከካታኒያ ተነስታችሁ ሁለት ቀን ብቻ ስላላችሁ ከኖቶ ከተማና ከራጉዛ ኢብላ (የራጉዛ ከተማ አሮጌው ክፍል) የቱ ይሻላል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትሽ ደረጃውን ይችሉታል ወይ፣ በጾም ቀንስ ምን ይበላል።

ራጉዛን ምረጪ፤ አንድ ሌሊትም እዚያው እደሩ። ከካታኒያ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አውቶቡሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አብያተ ክርስቲያናቱ ሊዘጉ ሲሉ ነው። ብዙዎቹ ከ13:00 እስከ 16:00 ገደማ ዝግ ናቸው፤ ሱቁም ቢሮውም እንደዚያው። ያደረ ሰው ግን ከሰዓት በኋላውንም ማለዳውንም ያገኛል፤ ከተማዋ የምታምረው ደግሞ በእነዚህ በሁለቱ ሰዓቶች ነው።

ኖቶን ለምን እንዳስቀረሁት ልንገርሽ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1693 የደቡብ ምሥራቅ ሲሲሊን ከተሞች ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ 60 ሺህ ያህል ሰው ገድሏል፤ ራጉዛ ብቻዋን 5 ሺህ ያህል ሰው አጥታለች። የኖቶ ሕዝብ ፍርስራሹን ትቶ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ከተማ ሠራ። ራጉዛ ላይ ግን ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ከፍ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ቀጥ ያሉ መንገዶች ቀይሶ አዲስ ከተማ መሠረተ። ሌላው፣ በተለይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር መኳንንት፣ ከአባቶቻችን ኮረብታ አንነቃነቅም ብለው እዚያው በፍርስራሹ ላይ ሠሩ፤ ኢብላ የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ ወገኖች ለረጅም ዘመን ሲነታረኩ ኖረው በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ለዘለቄታው የተጠቃለሉት በ1926 ነው። ስለዚህ ራጉዛ ላይ ለአንድ መቅሰፍት የተሰጡ ሁለት መልሶችን በአንድ ቀን ታያላችሁ። ኢብላ ውስጥ መንገዱ የመካከለኛው ዘመን ጠመዝማዛ እንደሆነ ቀርቷል፤ በዳርና ዳሩ የቆመው ሕንፃ ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሮክ፣ ማለትም ጌጥ የበዛበት የሥነ ሕንፃ ስልት ነው። ይህን ድብልቅ ኖቶ ላይ አታገኙትም።

አሁን ወደ ጉልበቱ ጉዳይ። ዋናው ነገር ከታች ወደ ላይ አለመጀመር ነው። ከላይኛው ከተማ ጀምሩ፤ ሳንታ ማሪያ ዴሌ ስካሌ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ባለው ሰገነት ላይ ቁሙ። ኢብላ ከፊታችሁ እንዳለ ትዘረጋለች። እይታው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ዓይን ውስጥ ትገባለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከጀርባችሁ መጥቶ ኮረብታውን ያበራዋል፣ ፎቶም የሚያምረው ያኔ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግቡ፤ በአንደኛው ጎን ከመንቀጥቀጡ የተረፉ ቅስቶች አሉ። ከዚያ ወደ ኢብላ የሚወርደው ደረጃ ከ200 በላይ ነው። መውረድ ይቀላል ብለሽ እናትሽን እንዳታስወርጃቸው፤ የታመመ ጉልበት ከመውጣት ይልቅ መውረድ ይብስበታል። ድንጋዩም ተረግጦ ተረግጦ ስለለሰለሰ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። አንቺ ውረጂ፣ እሳቸው በታክሲ ወይም በከተማው አውቶቡስ ይውረዱ። አውቶቡሱ በላይኛው ከተማና በኢብላ መካከል ይመላለሳል፤ ለማንኛውም ሾፌሩን «ጃርዲኖ ኢብሌዎ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የኢብላ የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ትኬቱን ቀደም ብለሽ ከትምባሆ ቤት ግዢ።

መኪና ከተከራያችሁ ኢብላ ውስጥ እንዳትገቡ። የተከለከለውን ክልል ካሜራ ይጠብቀዋል። ቅጣቱ ከወራት በኋላ በአከራዩ ድርጅት በኩል ይመጣል፤ አከራዩ ደግሞ አድራሻ ላሳወቀበት ለብቻው ያስከፍላል። ከኮረብታው ግርጌ ካሉት ማቆሚያዎች በአንዱ አቁሙ። ማደሪያው ኢብላ ውስጥ ከሆነ ለመኪናችሁ ፈቃድ ያወጡላችሁ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው።

አውቶቡሱ አትክልት ስፍራው አጠገብ ሲያወርዳችሁ እናትሽን በመጀመሪያ ወደ አሮጌው የቅዱስ ጊዮርጊስ በር ውሰጃቸው፤ ሁለት እርምጃ ነው፣ ደረጃም የለውም። ዋናው ቤተ ክርስቲያን በ1693 ሲፈርስ ይህ ጎቲክ በሚባለው የመካከለኛው ዘመን ስልት የተሠራ በር ብቻ ቆሞ ቀረ። ከቅስቱ ሥር ሰማዕቱ በፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ ተቀርጿል። ድንጋዩ ቢበላም ፈረሱና ጦሩ ይለያሉ። የእኛን ሥዕል ለለመደ ሰው ማንም ሳያስረዳው የሚገባው ነገር ነው።

ከዚያ ዋናውን ጎዳና ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ አደባባዩ ውጡ፤ አቀበቱ ለስላሳ ነው። አዲሱን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በ1738 የነደፈው አርክቴክቱ ሮዛሪዮ ጋሊያርዲ ነው፤ የፊቱ ሥራ ያለቀው በ1775 ነው። ከአደባባዩ ግርጌ ላይ ቁሚና አስተውዪ፤ ሕንፃው ከአደባባዩ ጋር ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞሯል። በዚህ የተነሳ ከሩቅ ፊቱንና ጉልላቱን አንድ ላይ ታያላችሁ፤ ወደ ደረጃው ስትጠጉ ግን ፊቱ ጉልላቱን ይጋርደዋል። ብዙ ሰው በቀጥታ ደረጃው ሥር ሄዶ ፎቶ ያነሳና ጉልላቱን ሳያይ ይመለሳል። ጉልላቱ 43 ሜትር ከፍታ አለው፣ የተጨመረውም በ1820 ነው። የፊቱ መሐል ወደ ውጭ ያበጠ ስለሆነ ምሰሶዎቹ ላይ ጥላው ቀኑን ሙሉ ይለዋወጣል፤ ፀሐይ የምታገኘው ጠዋት ነው። 54ቱ ደረጃዎች ስላሉ አትጨነቂ። በብረት አጥር የተዘጉ ናቸው፣ ጎብኚ የሚገባው በጎን በር ነው። ትከሻ መሸፈን ያስፈልጋል፤ የእናትሽ ነጠላ ይበቃል።

አንቺ ጉልበት ካለሽ እሳቸውን ካፌ አስቀምጠሽ ፓላዞ ኮሰንቲኒ ወደሚባለው የድሮ መኳንንት መኖሪያ ሂጂ። በረንዳዎቹን የተሸከሙት ድንጋዮች በአስቀያሚ ፊቶች የተቀረጹ ናቸው። ድንጋዮቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ጭራቸው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ በረንዳውን ይሸከማል። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ የተቻለው የአካባቢው የኖራ ድንጋይ ከካባው ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነና አየር ሲያገኘው ስለሚጠነክር ነው።

ኖቶን ማየት የግድ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ስትመለሱ ሁለት ሰዓት ስጧት። ካቴድራሉን ግን አትዝለሉ። ማርች 13 ቀን 1996 ምሰሶዎቹ ወድቀው ጣሪያውንና የጉልላቱን ትልቁን ክፍል ይዘው ተናዱ፤ ደግነቱ ሰው አልሞተም። ምሰሶዎቹ ከውጭ የተጠረበ ድንጋይ፣ ከውስጥ ግን ጠጠርና ፍርስራሽ የተሞሉ ነበሩ። በ1950ዎቹ ቀላሉ ጣሪያ ተነስቶ ከባድ ኮንክሪት ተጫነባቸው፤ የ1990ው መንቀጥቀጥ ደግሞ ሰነጠቃቸው። ሲታደስ አዲሶቹን ምሰሶዎች እስከ ውስጣቸው በድንጋይ ሠርተው በ2007 ከፈቱት። ላሊበላንና ጎንደርን ለሚጠግኑ ባለሙያዎቻችን ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ሥራ ነው፤ የተበላሸው ለመጠገን ተብሎ በተጨመረ ክብደት ጭምር ነውና።

ጾሙን በተመለከተ «ማኮ» ጠይቂ፤ ተከክቶ የተቀቀለ ባቄላ በወይራ ዘይት ነው፣ ለእናትሽ ይስማማቸዋል። «ካፖናታ» የሚሉት የበድርጃን ወጥም የጾም ነው። «ስካቻ» የሚባለው የታጠፈ ቂጣ ግን አብዛኛው አይብ አለበት፣ «ሴንሳ ፎርማጆ» በይ። በአቅራቢያው ባለችው በሞዲካ ከተማ የሚታወቀው ቸኮሌት የሚሠራው ከካካዎና ከስኳር ነው፣ ወተት አይገባበትም። ስኳሩ እስኪቀልጥ ስለማያሞቁት ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ አርጅቶ ወይም ተበላሽቶ አይደለም።

የመመለሻ ትኬታችሁን እሁድ ላይ አታድርጉት። ባቡሩ በዚያ መስመር እሁድ ጥቂት ነው ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል፣ አውቶቡሱም ይቀንሳል።