የቀረሶው ወንፊት ይነሳ

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ዳር የፍራፍሬ ማሳ አለኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ዶዘር ተከራይቼ በማሳው ራስ ላይ አራት ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ አሠራሁ። ጀርባው ላይ ባሕር ዛፍ ተክያለሁ። ከጣና ያመጣኋቸው ቀረሶ የሚባሉ ዓሦች እንዳያመልጡ የትርፍ ውሃ ማፍሰሻውን በሽቦ ወንፊት ጋርጃለሁ። ዘንድሮ የግድቡ እግር ማላብ ጀመረ፤ የሚወጣው ውሃ ግን ንጹሕ ነው። ከታች ሦስት አባወራዎች ይኖራሉ። ልፍራ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ላቡ ነው፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ወንፊቱ ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግድብ ላይ አፈር ሳስጠቀጥቅ ኖሬያለሁ። የማያልብ የአፈር ግድብ አላየሁም። መራዊ አጠገብ 7000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ ግድብም አፈር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ውሃው ይደፈርሳል ወይ፣ መጠኑስ ይጨምራል ወይ የሚለው ነው። በየሳምንቱ ሃያ ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይመዝግቡ፤ የኩሬውን ከፍታም አብረው ይጻፉ። በብርጭቆ ቀድተው ያሳድሩት። ጠዋት ታችኛው ላይ አፈር ከዘቀጠ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነውና ኩሬውን ቀስ ብለው ያጉድሉ፣ ባለሙያም ይጥሩ። መውጫውን በጭቃ መድፈን ግን ክልክል ነው፤ ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ንጹሕ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር ይደርድሩበት፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ይይዛል። ላቡ በግድቡ ውስጥ በሚያልፍ የመስኖ ቧንቧ ዙሪያ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀንም አይዘግዩ፤ እዚያ ጋ ያለ አፈር በደንብ ተጠቅጥቆ አያውቅም። ለነገሩ ዶዘር ይገፋል እንጂ አያጠቀጥቅም። ሃያ ሃያ ሳንቲሜትር እየተነጠፈ፣ እርጥበቱ እየታየ በሮለር ካልተዳመጠ ያው የተከመረ አፈር ነው።

አሁን ወደ ወንፊቱ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1889 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የባለጸጎች የዓሣ ማጥመጃ ክበብ የግል የአፈር ግድብ ነበረው። ዓሣው እንዳይሄድባቸው ማፍሰሻው ላይ ፍርግርግ ተከሉ። ለሠረገላ መንገድ እንዲመችም የግድቡን አናት ዝቅ አድርገውት ነበር። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ግንድና ቅርንጫፍ ፍርግርጉን ደፈነው፣ ውሃው በአናቱ ላይ ፈሰሰ፣ ግድቡም ተናደ። ከ2200 በላይ ሰው አለቀ። የእርስዎ ኩሬ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ሦስት ቤት ለመውሰድ ግን ብዙ ውሃ አያስፈልግም። በሲሚንቶ የተገነባ የድንጋይ ግድብ ውሃ በላዩ ቢያልፍ ለጊዜው ይችለዋል፤ አፈር ከጀርባው እየተሸረሸረ ይሄዳል። የሐምሌ ጎርፍ ደግሞ የባሕር ዛፍዎን ቅጠል ይዞ ነው የሚመጣው።

ከማፍሰሻው ወለል እስከ ግድቡ አናት ቢያንስ አንድ ሜትር ይኑር። ከብት የሚሻገርበት ቦታ ሳይታወቅ ይጎደጉዳልና አናቱን ከዳር እስከ ዳር በሲባጎ ይለኩት። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በበጋ የተሰነጠቀውን ከዝናቡ በፊት ቆፍረው እንደገና ያጠቅጥቁ።

ባሕር ዛፉን አሁን አይንቀሉት። ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ ቱቦ ይሆናል፤ ቆርጦ መተውም መፍትሔ አይደለም። ቀጫጭኑን በሚቀጥለው በጋ ውሃው ሲጎድል ከነሥሩ አውጥተው ጉድጓዱን ይደልድሉ፤ ትልልቁን ባለሙያ አይቶ ይወስን። በቦታው ሰርዶ ይትከሉ። የፍልፈልና የምስጥ ጉድጓድም በየወሩ ይፈልጉ፤ እኔ እንኳ አንዴ ጃርት ያደረበት ግድብ አጋጥሞኛል።

ፈቃድ ካላወጡ በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የውሃ ሥራ ለመገንባት ፈቃድ ያስፈልጋልና የወረዳዎን ውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በዚያው መሐንዲስ እንዲያይልዎ ያድርጉ። ለሦስቱ ጎረቤቶችም ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ በሌሊት ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ ተነጋገሩ።

ስለ ቀረሶዎቹ አዝናለሁ። ግን ቢያመልጡም ወደ ጣና ነው፤ ከዚያው ነው ያመጧቸው።