መልስ፦ የዳታቤዝ ባለሙያ ለሰፈሩ ዕድር ምን ይጠቅማል?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የዳታቤዝ (በኮምፒውተር የሚደራጅ የመረጃ መዝገብ) ባለሙያ የሰፈሩን ዕድር በምን ሊያግዝ እንደሚችልና ከሥራው ተርፎ ጊዜ ያገኝ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ደብረ ማርቆስ በዚሁ ሙያ ስለምተዳደር የማውቀውን ልጻፍልዎ።

የዕድሩን መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ሲያስገቡ አድካሚው ነገር የአባላቱ ስም ነው። በአንድ ገጽ «ኃይሉ» የተባለው አባል በሌላው «ሀይሉ» ሆኖ ይገኛል፤ ለዕድሩ ጸሐፊ ያው አንድ ሰው ሲሆን፣ ሞክሼ ፊደላቱ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚለይበት ሥርዓት፣ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ለዳታቤዙ ግን ሁለት ሰው ይሆናል። ስለዚህ ስሙን አባሉ እንደሚጽፈው ጠብቀው፣ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚያመጣ ሌላ ዓምድ ለፍለጋ ብቻ ይጨምሩ። የአያት ስምም አይቅር።

ቀኑ ሌላ ጣጣ አለው። የተለመደው የቀን ዓምድ ጥቅምት 30ን የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 ያህል ባዕድ አድርጎ፣ ማለትም የ2ኛ ወር 30ኛ ቀን ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አያውቃትም። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር አስቀምጠው ለአባላቱ በእኛው ያሳዩ።

ጊዜን በተመለከተ፣ ምዝገባው ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ ጥቂት ሰዓት ቢወስድ ነው። ለቅሶ ቤት ግን ላፕቶፕ ይዞ መሄድ አያምርም፤ እዚያ የሚፈለገው ድንኳን የሚተክል ጉልበት ነው። የወረቀት መዝገቡንም ከገንዘብ ያዡ እጅ አይውሰዱ፤ እርስዎ ለሥራ ከከተማ ሲወጡ መብራት ቢጠፋ እንኳ መዋጮው ይሰበሰባል። የዳታቤዙን ቅጂ ደግሞ በየወሩ በፍላሽ ለጸሐፊው ያስረክቡ።