ባቡር ለማየትና ፎቶ ለማንሳት የት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የ11 ዓመቱ ልጄ ባቡር ካየ ከቦታው አይነቃነቅም፤ አሁን ደግሞ ፎቶ ማንሳት ጀምሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ወዴት ልውሰደው? (አንድ አባት፣ ከሳሪስ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ በመካከሉ ለገሃር የቆመ ሰው በአያትና በጦር ኃይሎች መካከል የሚመላለሰውንም ሆነ ወደ ቃሊቲ የሚወርደውን ባቡር ከአንድ ስፍራ ያያል። አሮጌው የጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያና የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም እዚያው ስለሚገኙ፣ እኔ ከሁሉም ለገሃርን አስቀድማለሁ።

ይሁን እንጂ እንደ ለገሃር ባለ ቦታ በድልድይ ላይ የሚያልፈውን ባቡር ከሥር ሆኖ ማንሳት፣ የድልድዩ ጠርዝ መንኮራኩሩን ስለሚሸፍነው፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ባቡር ብቻ ያስቀራል። ሙሉውን የሚሻ ልጅ ሐዲዱ በመንገዱ መሐል መሬት ለመሬት ወደሚሄድበት ወደ ሲኤምሲ አካባቢ ይሂድ፤ ከእግረኛ መንገዱ ሳይወርድ፣ የጠዋቷን ፀሐይ ከጀርባው አድርጎ ያንሳ። ጣቢያ ውስጥ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጥበቃውን አስፈቅዱ።