በፈቃዴ ዘመትኩ፤ ፋብሪካው አሰናበተኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ስድስት ዓመት በማሽን ኦፕሬተርነት ሠርቻለሁ። የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ ከቀበሌያችን ሚሊሻ ጋር ዘመትኩ። የያዝኩት የአባቴን መሣሪያ ነው። ለሺፍት አለቃዬ በቃል ነግሬዋለሁ። የካቲት 24 ሐሙስ ማታ ተመለስኩ። ዓርብ ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ጥበቃው በሩ ላይ የስንብት ደብዳቤ ሰጠኝ። የተጻፈው ታኅሣሥ 20 ነው፤ ምክንያቱ «ያለፈቃድ ከሥራ መቅረት» ይላል። የሰው ኃይል ኃላፊው «ማን አስገደደህ? በፈቃድህ ነው የሄድከው» አለኝ። ፋብሪካው ግን ለዘማቾች ዱቄት አዋጥቷል። መብት አለኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንኳን በሰላም ተመለሱ። መብት አለዎት፤ ቀኑ ግን እየሄደብዎት ነውና ከእሱ ልጀምር። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ክስ የሚያቀርበው ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ፋብሪካው የሚቆጥረው ከታኅሣሥ 20 ነው። እርስዎ ደብዳቤውን ያገኙት የካቲት 25 ቢሆንም በዚህ ላይ መከራከር ውስጥ አይግቡ። ክሱ ከመጋቢት 20 በፊት የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይድረስ። ቀኑ ቢያልፍ እንኳ ብሔራዊ ጥሪ፣ ማለትም መንግሥት ዜጎችን ለሀገር አገልግሎት መጥራቱ፣ ለመዘግየት ሕጉ ከተቀበላቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ያ ምክንያት ባበቃ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ ነበረበት፤ የእርስዎ 10 ቀን አልፏል። ስለዚህ ያለዎት መጋቢት 20 ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 18 የሥራ ውል ለጊዜው የሚታገድባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። አንዱ «ብሔራዊ ጥሪ» ነው። ታገደ ማለት ተቋረጠ ማለት አይደለም። እርስዎ አይሠሩም፣ ፋብሪካውም አይከፍልም፤ ውሉ ግን እንዳለ ይቆያል። የእገዳው ምክንያት ሲያበቃ ሠራተኛው በማግስቱ ባለው የሥራ ቀን ሪፖርት ያደርጋል፤ አሠሪውም ወደ ሥራው ይመልሰዋል። እርስዎ ሐሙስ ማታ ገብተው ዓርብ ጠዋት በሩ ላይ ተገኝተዋል። በጉዳይዎ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅምዎት ነገር የለም። ሁለት ሳምንት አርፈው ቢሄዱ ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር።

«ማን አስገደደህ» የሚለው የፋብሪካው ዋና መከላከያ ይሆናል። አዋጁ ብሔራዊ ጥሪን ለግዳጅ ምልመላ ብቻ አልወሰነውም። ጥሪ ደግሞ ተደርጓል። ነሐሴ 4 ቀን 2013 የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ዕድሜውና አቅሙ የሚፈቅድለት ሁሉ መከላከያን፣ ልዩ ኃይልን ወይም ሚሊሻን እንዲቀላቀል በአደባባይ ጠርቷል። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ለውትድርና የደረሰና መሣሪያ ያለው ሰው ሠልጥኖ እንዲዘምት፣ ካልሆነም መሣሪያውን እንዲያስረክብ ማዘዝ ያስችል ነበር። እርስዎ የዘመቱት ደግሞ የአባትዎን መሣሪያ ይዘው ነው። ይህን በክሱ ላይ በግልጽ ይጻፉት። በእኔ እምነት መንግሥት «ኑ» ብሎ የጠራውን ሰው «በራስህ ሄድክ» ብሎ ማባረር ሕጉ ሊከላከለው ያሰበው ጉዳት ራሱ ነው። ለዘማች ዱቄት ያዋጣ ድርጅት ዘማቹን «ያለፈቃድ ቀረ» ሲል መስማትም ያሳዝናል። መዋጮው ግን ከማሳዘን አልፎ ማስረጃ ይሆናል፤ ፋብሪካው ጥሪው መደረጉን ያውቅ እንደነበር ያሳያል። የርክክብ ፎቶ ወይም ደብዳቤ ካለ ያግኙት።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የወረዳው ሚሊሻ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ነው። ብዙ ዘማቾች የሚያመጡት ወረቀት «ለሀገሩ የተዋደቀ ጀግና» ይልና ማኅተም ያርፍበታል። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ለችሎት ግን አይበቃም። ደብዳቤው በየትኛው ጥሪ እንደዘመቱ፣ የወጡበትን ቀንና የተመለሱበትን ቀን ይናገር። ቀን የሌለው ደብዳቤ ከያዙ መልሰው ያስጽፉ። የሺፍት አለቃዎን በምስክርነት ይቁጠሩት። ሊፈራ ስለሚችል ሽኝቱ ላይ የነበሩ ሁለት ባልደረቦችዎን ይጨምሩ።

የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 27 ከሥራ በመቅረት ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበትን የሚፈቅደው በቂ ምክንያት ሳይኖር ለቀረ ሠራተኛ ነው። ውሉ በታገደበት ጊዜ ደግሞ መቅረት የሚባል ነገር የለም።

ምን ይጠይቁ? በዘመቱባቸው ወራት ደመወዝ የለም፤ የኅብረት ስምምነታችሁ የተለየ ነገር ካለው ግን ይዩት። ዋናው ጥያቄዎ ወደ ሥራ መመለስና ከየካቲት 25 ወዲህ ያለው ደመወዝ ነው። ክሱን መጀመሪያ የሚያየው ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ደመወዝ ሊፈርድልዎት ይችላል። በአማራጭ ካሳ ይጠይቁ፤ የ180 ቀን አማካይ ደመወዝና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ነው። የስንብት ክፍያም አይርሱ።

ይህን ጽሑፍ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዘማች ካነበበው ልብ ይበል፤ የእሱ ጉዳይ የሚታየው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው።

ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም፤ ስለ ገንዘብ ብለው አይዘግዩ። የወረዳው ደብዳቤ ካልደረሰልዎትም ክሱን ያስገቡ። ደብዳቤውን ፍርድ ቤቱ ከጽሕፈት ቤቱ እንዲያስቀርብልዎት በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ይጠይቁ።